የደምሰው ሻካራ ድምፅ

ሥራዬ ቀላል ነው። መስታወት ተከልዬ እቀመጣለሁ። ከመስታወቱ ማዶ ባሏ የሞተባት ወይም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ይቀመጣል። ሦስት ቁልፎችን በየተራ እጫናለሁ፤ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ይሰማል። ከሦስቱ አንዱ ሟቹ ነው። የተቀመጠው ሰው ከለየው የሟቹ ቤተሰብ ነው፤ ቤቱ ይጸናለታል። ካልለየው ቤተሰቡ አልነበረም ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ቁልፎቹ በጣቴ ልክ ጎድጉደዋል።

አሠራሩ የመጣው የጋብቻ ወረቀት በየጥጉ እየታተመ ካስቸገረ በኋላ ነው። አንድ ሰው ሲሞት አምስት ሚስት ብቅ ትል ነበር፤ አምስቱም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው። አሁን የድምፅ ምስክርነት ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ «ወረቀት ይዋሻል፤ ጆሮ አይዋሽም» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያጻፈው ሰው በዕድሜው አንድ ቀን እኛ ጋ ቁጭ ብሎ ያየ አይመስለኝም።

ወይዘሮ አመለወርቅ የመጡት የባለቤታቸው የአቶ ደምሰው አርባ በወጣ በሳምንቱ ነው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ጣሪያው ላይ ወዳለው ድምፅ ማጉያ አንጋጠው «የዚህ ነገር ባሱ አብጧል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ወፍራሙ ድምፅ አብጦ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ያስተዋለው ሰው ግን አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

«ሙያዎ ነው እንዴ እማማ?»

«አርባ ዓመት ድምፅ ማጉያ ጠግኛለሁ። የተቀደደውን ወረቀት ቀይሬ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ጠምጥሜ። አሁንማ ማን ያስጠግናል? በል ቶሎ አሰማኝ፤ ሰውዬዬን ልለይና ልሂድ።»

እንዲህ በራሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ብዙ አይመጡም። እሳቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት የሚሄድ አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቤታቸው ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። የሁላችንም ቤት ሚዛን ላይ ነው። ግድግዳው የምንናገረውን ይቀበልና ሻካራውን ልጎ፣ የሰላውን አዶልዱሞ ይመልሰዋል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው እንኳ የሚሰማው ግድግዳው ያስተካከለውን ነው። ስልኩም ሬዲዮውም እንዲሁ። ሕፃን ሲያለቅስ ርግብ ያለች ይመስላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ለጎረቤት የሚደርሰው ምክክር ነው። ለቅሶ ቤት ደረት የሚመቱ ሴቶች ጩኸት ደረጃው ላይ ለቆመ ሰው እንጉርጉሮ ሆኖ ይወጣል፤ እድርተኛው እንጉርጉሮውን ሰምቶ ጫማውን ያወልቃል። ልጆቼ ሻካራ ድምፅ አያውቁም። አንድ ጊዜ ገጠር ወስጃቸው አህያ ሲያናፋ ሁለቱም አለቀሱ።

የወይዘሮ አመለወርቅ ቤት ግን ሚዛን ላይ አልነበረም፤ ግድግዳቸው የሚባለውን ይቀዳል እንጂ አያስተካክልም ነበር። ለጥገና ሥራቸው ሲባል በወጣትነታቸው የተሰጣቸው ፈቃድ ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ መልሺ ያላቸው የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ከባላቸው ጋር የኖሩት ራሳቸው በጠገኗቸው የእንጨት ሳጥኖች ሙዚቃ እየሰሙ፣ እርስ በርስ ደግሞ በባዶ ጆሮ እየተደማመጡ ነው። አቶ ደምሰው ሚኒባስ ታክሲ በነበረበት ዘመን ረዳት ነበሩ። «ሣር ቤት ጎፋ! ሣር ቤት ጎፋ!» እያሉ በመስኮት ተንጠልጥለው ሃያ ዓመት ጮኸዋል። ታክሲዎቹ ጠፉ፤ ጉሮሯቸው እንደተላጠ ቀረ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁልጊዜ የምናሰማው ይህንን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ይህን ያላለ ወንድ የለምና። ሁለተኛውን ተጫንኩ። ሦስተኛውን ተጫንኩ።

ወይዘሮ አመለወርቅ እንደገና ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጠጡ። ከዚያ «ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ። ከሦስቱ የትኛው ነው?»

«የሉበትም።»

«ከሦስቱ አንዱ ናቸው እማማ።»

«ልጄ፣ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፤ እሱም ሰው ከሆነ። መሀሉን አውጥታችሁ ጣላችሁት። ሰው ሲናገር እኮ ድምፁ ውስጥ የሚይዝህ ነገር አለ፣ እንደ አዲስ ጋቢ የሚቧጥጥ። እናንተ ለሁሉም አንድ አቡጀዲ አልብሳችሁ የቱ ባልሽ ነው ትሉኛላችሁ።»

«የለም የሚል መልስ ቅጹ ላይ የለም።»

«እና የሌለ ሰው ልምረጥ?»

አልመረጡም። ቅጹ ላይ «አልለዩም» ብዬ ሞላሁ። አቶ ደምሰው ሁለተኛው ነበሩ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ ከተማው ውስጥ ካሉ ጆሮዎች ሁሉ የተሻለው ጆሮ የገዛ ባልን ድምፅ መለየት አቃተው ተብሎ ተመዘገበ።

ከሳቸው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ናሆም ነበር፤ የአቶ ደምሰው የወንድም ልጅ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እጅ ነሥቶ ገባ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። አጎቱን በአካል ያገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በስልክ ነበር። ሁለተኛው ድምፅ ገና «በሩን» ከማለቱ «አጎቴ ነው» አለ። አራት ሰከንድ አልሞላም። ቤቱን እንደሚጠይቅ ሕንፃው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ ብቻ አልሰሙም ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ሲያገኙት ሊያደርሳቸው የመጣ መስሏቸው መረቁት።

ደንቡ ግልጽ ነው። ሚስት ከለየች ሚስት ትቀድማለች። ሚስት ካልለየች የለየው ዘመድ ይወስዳል፣ እሷ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ አረጋውያን ማደሪያ ትሄዳለች። ላልለየ ሰው አንድ ዕድል ይሰጠዋል፤ የሟቹን የአሥራ ሁለት ደቂቃ የስልክ ንግግር ወስዶ ሁለት ወር ይለማመድና ዳግመኛ ይፈተናል።

ወይዘሮ አመለወርቅ የልምምዱን ንግግር አልፈልግም አሉ። ኃላፊዬ ወይዘሪት ሶልያና ፊት ቆመው ይግባኝ አጻፉ። «ድምፁን ሳትቀቡ አሰሙኝ። እናንተ ግድግዳውን በየቤቱ ስትተክሉ ጥሬውንም ታስቀምጣላችሁ፤ አውቃለሁ። እሱን አሰሙኝ፣ ተኝቼም ቢሆን አውቀዋለሁ።» ወይዘሪት ሶልያና በትክክል ጻፈችው፣ ማኅተም አደረገችበት፣ ወደ ላይ ላከችው።

በሩ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። አዘንኩ። ማዘን ከሥራዬ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ቢሆንም አዘንኩ። እናም ምክር ሰጠሁ።

«እማማ፣ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስቀመጥ መልስ ያገኘ ይግባኝ አላየሁም። ይግባኙን ይርሱት። ንግግሩን ይውሰዱና ይለማመዱ።»

«የሱ ያልሆነውን ድምፅ የሱ ነው ብዬ ልልመድ?»

«ቤቱን ይፈልጋሉ አይደል?»

ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። «ቤቱንማ ለሱ ነው የምፈልገው። እዚያ ስቀመጥ ይሰማኛል። ከመኝታ ቤት ሲጠራኝ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲያጉረመርምብኝ። ማደሪያው ውስጥ አሥራ ስድስት ሴት ጋር ተኝቼ የት እሰማዋለሁ?»

«እንግዲያው ይለማመዱ» አልኳቸው። «እሑድ መጥቼ ቤትዎን ራሴ ሚዛን ላይ አደርግልዎታለሁ። በባዶ ጆሮ ከተለማመዱ አይሆንም።»

ሄድኩ። ቤታቸው ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። የእንጨት ሳጥኖቹ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ሁለት ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ነቅዬ አልጋ ሥር አስገባኋቸው። ግድግዳውን ከፈትኩ፣ ሚዛኑን አስተካከልኩ፣ የአቶ ደምሰውን አሥራ ሁለት ደቂቃ ጫንኩ። ንግግሩ ምንም የለበትም። ለወንድማቸው እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፣ ሊፍት ተበላሸብን ይላሉ፣ ቆርቆሮ የሚገዛበት ቦታ ይጠይቃሉ።

ወይዘሮ አመለወርቅ እስኪያልቅ ሰሙና «ሞቶ እንኳ አላረፈም» አሉ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈቱት።

በየእሑዱ እየሄድኩ እፈትናቸው ነበር። ሦስት ድምፅ አሰማለሁ፣ ይመርጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአርባ አሥራ አንድ አገኙ፤ ይህ ዓይኑን ጨፍኖ ከሚመርጥ ሰው ያነሰ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ይከፍቱታል፣ ከምሳ በኋላ ይከፍቱታል። ጎረቤቶች ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያ ቤት በመጨረሻ ሰው ሆነ አሉ።

«አሁን ጠላሁት ማለት ትቻለሁ» አሉኝ በሦስተኛው እሑድ። «ለመድኩት። እንግዳ ሰው ቤትህ ሲከርም ትለምደው የለ።»

በአምስተኛው እሑድ ሠላሳ አራት አገኙ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው ወለሉን ያያሉ።

«ትናንት በሕልሜ መጣ» አሉ። «በር ላይ ቆሞ ያወራኛል። በዚህኛው ድምፅ ነው ያወራኝ።»

«መልመድዎ ነዋ።»

«ስነቃ ሌላኛውን ፈለግሁት። ሲጣራ እንዴት ነበር ብዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ።» ከወንበራቸው ብድግ አሉና አንድ እጃቸውን በመስኮት እንደሚያወጣ ሰው ዘርግተው «ሣር ቤት ጎፋ!» ብለው ጮኹ። ግድግዳው ተቀብሎ ለሰስ፣ ክብ አድርጎ መለሰው። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «እንዲህ አልነበረም» አሉ። «እንዴት ነበር? አንተ ልጅ፣ እንዴት ነበር?»

እኔ በምን ላውቅ? ሰውየውን አይቻቸው አላውቅም። «ከፈተናው በኋላ ይመጣልዎታል» አልኳቸው። ያን ጊዜ ግድግዳውን ዘግቼ ሳጥኖቹን ካልጋው ሥር ላወጣ እችል ነበር። አላወጣሁም፤ ሠላሳ አራቱን ወደ አርባ ላደርስ ቸኩያለሁ።

በሰባተኛው እሑድ አርባ ከአርባ ሆነ። ያን ቀን ደስተኛ ነበሩ። ናሆም የላከውን ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ፤ ልጁ በየሳምንቱ «ለእትዬ አመለወርቅ» እያለ ይልካል፣ ክፋት የለበትም። ስለ አቶ ደምሰው ሲያወሩኝ ዋሉ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው አሉኝ። በለሆሳስ የሚናገር ሰው ነበር አሉኝ። አላረምኳቸውም። እንዲያውም በውስጤ ይህችን ሴት ቤቷን አስገኘሁላት እያልኩ በራሴ እኮራ ነበር፤ ከሥራዬ ዝርዝር በወጣሁባት በዚያች አንዲት ነገር።

ፈተናው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ወይዘሮ አመለወርቅ ነጠላቸውን አጥፈው ገቡ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ዙሪያውን አዩና «ክፍላችሁ ደስ ይላል» አሉ። ባሱን አልጠገንነውም ነበር።

ወይዘሪት ሶልያና በኔ በኩል ባለው በር ገብታ መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ላዩ ላይ አዲስ ወረቀት ተያይዟል።

«ይግባኙ ጸድቋል» አለች። «ዓርብ ነው የደረሰን። የሟች ድምፅ ሳይስተካከል ይቅረብ ይላል።»

«ተነግሯቸዋል?»

«ለአመልካች ይነገር አይልም።»

«የሌሎቹ ሁለት ሰዎችስ ድምፅ?»

«ትእዛዙ የሚለው የሟችን ነው። የሌሎቹን አይልም። እነሱ እንደ ወትሮው።»

«ወይዘሪት ሶልያና፣ እኚህ ሴትዮ እኮ ሁለት ወር የተለማመዱት በተስተካከለው ነው።»

«የጠየቁት ይሄን ነው» አለች። ጨካኝ አይደለችም፤ እውነቷን ነው፣ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በዳግመኛው ፈተና አመልካች ክፍሉ ከገባ በኋላ ድምፁን የሚያጫውተው ሰው አያነጋግረውም፤ ይህም ደንብ ነው። መስታወቱን በጣቴ አንዴ ባንኳኳ ቀና ይሉ ነበር። ካሜራው ከራስጌዬ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ደግሞም ለራሴ እንዲህ አልኩት፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብረው የኖሩት ሰው ነው፣ ተኝቼም አውቀዋለሁ ያሉት ድምፅ ነው፣ እንዴት ይጠፋቸዋል?

የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

«በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል።»

እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ ወጥቶ አያውቅም። ሳንቃ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነው። ቃሉ መሀል ላይ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ትንፋሽ አለው፣ «ብርድ» ሲሉ ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል። ሰውየው ከጎኔ የቆሙ መሰለኝ፤ ኮት የለበሱ፣ ደክሟቸው ከውጭ የገቡ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ ሰውዬ ጉሮሮውን ይታከም» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ወደኔ ነበር ያሉት፤ ቀልድ ነው።

ሁለተኛውን ተጫንኩ። ሦስተኛውን ተጫንኩ። ሁለቱም ለስላሳ፣ ሁለቱም የማንም።

ለጥቂት ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል አመነቱ። የመጀመሪያውን አልቆጠሩትም። «ሦስተኛው» አሉ። «ሦስተኛው ነው ደምሰው። ‘ብርድ’ ሲል ይታወቃል።»

ሦስተኛው በሕይወት ያለ፣ ሠፈሩን እንኳ የማላውቀው ሰው ነው።

ወይዘሪት ሶልያና ወደሳቸው ክፍል ገብታ ውጤቱን አነበበች። አመልካች ሟችን አልለዩም። ቤቱ ለሁለተኛው አመልካች ይተላለፋል። አሥራ አምስት ቀን።

«እንዴት ተብሎ?» አሉ። «አርባ ከአርባ ነው የማገኘው። ያ ልጅ ምስክሬ ነው፤ በየእሑዱ ፈትኖኛል።»

«አንደኛው ነበሩ። በይግባኝዎ መሠረት ያልተስተካከለው ድምፃቸው ነው የቀረበው።»

ወይዘሮ አመለወርቅ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ዓይኔን ወደ ቁልፎቹ መለስኩ።

«አንደኛው?» አሉ። «ያ የሚያንቋርረው?»

እጃቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀሰሩ።

«እስቲ ድገመው።»

ወይዘሪት ሶልያና መዝገቡን ዘጋች። «ውጤቱ አይለወጥም፤ ግን ከፈለጉ ይስሙ» ብላ ወጣች። ደገምኩት። መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ሰሙ። እንደገና አሉኝ፤ እንደገና ተጫንኩ። አራት ጊዜ ሰሙት። ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ ማንንም አላገኙበትም። የማያውቁት ሰው ቤታቸው ገብቶ በሩን ዝጊው ያላቸው ይመስል ግራ ገብቷቸው ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ወደ መስታወቱ ተጠግተው። «እስቲ አስተካክለህ አሰማኝ።»

«እማማ...»

«አስተካክለውና ልወቀው።»

የሚዛኑን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ከዚያም አንደኛውን። «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» አሉ አቶ ደምሰው፤ በለሆሳስ፣ ጥርት አድርገው።

የወይዘሮ አመለወርቅ ፊት በራ፤ እንባቸው ወረደ። «ይኸው፣ እሱ ነው! አወቅሁት!» አሉ ወደ በሩ ዞረው። ወይዘሪት ሶልያና ግን ናሆምን ልታስፈርም ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ነበር።